የእንግሊዝኛ ግስና ተከታዮቹ ጥቃቅን ቃላት

ዛሬ በቋንቋ ትምህርት ዝግጅታችን የምንነጋገርበት ጉዳይ፣ እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት የተማረ፣ መጻሕፍቱን አንብቦ የሚረዳ፣ ደብዳቤም አሳምሮ የሚጽፍ ሰው እንኳ ከባለቋንቋዎቹ ጋር አፍ ለአፍ መነጋገር በጀመረ ጊዜ የሚሰናከልበት ነው፤ ይኸውም የእንግሊዝኛ ግስ ከመስተዋድድና መስተዋድድ ከሚመስሉ ጥቃቅን ቃላት ጋር እየተጣመረ አዲስ ፍቺ የሚያስገኝበት ሥርዓት ነው። ቃላቱ «አፕ»፣ «ኦፍ»፣ «ኦን»፣ «ኢን»፣ «አውት»፣ «ፎር»፣ «አት»፣ «አፍተር» እና እነዚህን የመሳሰሉት ናቸው። ተማሪው ገና በመጀመሪያው ዓመት ላይ፣ ታች፣ ውስጥ፣ ውጭ እያለ ተርጉሞ በቃሉ ስለሚይዛቸው ጨርሶ ያወቃቸው ይመስለዋል፤ ነገር ግን የዕለት ተዕለቱን የእንግሊዝኛ አነጋገር ተሸክመው የሚኖሩት እነርሱ ስለሆኑ፣ ጠባያቸውን ጠንቅቆ ያልተረዳ ሰው እያንዳንዱን ቃል እያወቀ የነገሩ ምሥጢር ያመልጠዋል።

ለምሳሌ «ሉክ» የሚለውን ግስ እንውሰድ። ብቻውን ሲነገር ማየትን፣ መመልከትን ያመለክታል። እናት ልጇን «ሉክ አት ዚስ» ብትለው ይህን ተመልከት ማለቷ ነው፤ «ሉክ ፎር ዚስ» ብትለው ይህን ፈልግ፣ «ሉክ አፍተር ዚስ» ብትለው ይህን ጠብቅ፣ ተንከባከብ ማለቷ ነው፤ የመሥሪያ ቤት አለቃም ጸሐፊውን «ሉክ ኢንቱ ዚስ» ቢለው ጉዳዩን ከሥር ከመሠረቱ መርምር ብሎ ማዘዙ ነው። በመንገድ የሚሄድ ሰው ከኋላው «ሉክ አውት!» የሚል ጩኸት ቢሰማ፣ ወደ ውጭ ተመልከት ተባልሁ ብሎ አሻግሮ የሚያይበት ጊዜ የለውም፤ ተጠንቀቅ፣ አደጋ መጣብህ ተብሏልና። የማያውቀውን ቃል ከመዝገበ ቃላት አውጥቶ የሚያይ ተማሪ «ሉክስ ኢት አፕ» ይባልለታል፤ ታላቁን የሚያከብር ታናሽ «ሉክስ አፕ ቱ ሂም»፣ ድኻውን የሚንቅ ትዕቢተኛም «ሉክስ ዳውን ኦን ሂም» ይባላል። ለእነዚህ ሁሉ በአማርኛ ራሳቸውን የቻሉ ግሶች አሉን፤ ተመለከተ፣ ፈለገ፣ ጠበቀ፣ መረመረ፣ ተጠነቀቀ፣ አከበረ፣ ናቀ የሚሉት ቃላት በሥርም በመልክም አይዛመዱም። እንግሊዛዊው ግን ሁሉንም በአንዱ «ሉክ» ጥላ ሥር ሰብስቦ፣ ልዩነቱን ለተከታዩ ትንሽ ቃል አደራ ሰጥቶታል። ስለዚህም የዚያችን ትንሽ ቃል ድምፅ ሳይሰማ የቀረ አድማጭ፣ የሰማው የነገሩን ግማሽ እንኳ አይደለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ ይህ ጠባይ ለአማርኛ ተናጋሪ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም፤ እኔ ዛሬ ልናገረው የምወደው ዋናው ነገርም ይኸው ነው። ዳኛው «ፈረደለት» ስንልና «ፈረደበት» ስንል ግሱ አንድ ነው፤ የረታውን ከተረታው የምትለየው ግን በግሱ ጫፍ የተንጠለጠለችው «ለ» ወይም «በ» ናት። ዘርቶ ጠል ለሚጠባበቀው ገበሬ «ዘነበለት» እንላለን፤ ያው ዝናብ ግን ነዶውን ከአውድማ ሳይሰበስብ በመጣ ጊዜ «ዘነበበት» ይባላል። «መሰከረለት» እና «መሰከረበት»፣ «ጸለየለት» እና «ጸለየበት» የሚሉትንም ያስተዋለ ሰው፣ አማርኛ የሚማር የውጭ አገር ሰው በእኛ ቋንቋ ፊት የሚቆምበትን ግራ መጋባት፣ እኛ በእንግሊዝኛው ፊት ከምንቆምበት ጋር አነጻጽሮ ሊረዳው ይችላል። የቀደሙት ሊቃውንቶቻችንም ለጥቃቅን ቃላት ታላቅ ሥፍራ ሰጥተዋል። በቅኔ ቤት ተማሪው የግእዝን ግስ ማውረድ ከተማረ በኋላ አገባብ የሚባሉትን ጥቃቅን ቃላት ያጠናል፤ አገባቡም ዐቢይ፣ ንኡስ፣ ደቂቅ ተብሎ በሦስት ተከፍሎ እያንዳንዱ ከግስ ጋርና ከስም ጋር እንዴት እንደሚዋደድ በጥብቅ ይመረመራል፤ አገባቡን ያልጠነቀቀ ሰው ግስ አወረደ እንጂ ቋንቋ ዐወቀ አይባልም። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስም በአማርኛ ሰዋስው መጽሐፋቸው መስተዋድድን ከስምና ከግስ ጋር ከንግግር ክፍሎች አንዱ አድርገው ቆጥረውታል። እንግዲህ አባቶቻችን ለግእዝ የሰጡትን ትጋት እኛ ለእንግሊዝኛው ብንሰጠው፣ የሚያቅተን ነገር አይኖርም ብዬ አምናለሁ።

በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ያለውን ልዩነት ደግሞ መሸፈን አይገባም። አማርኛ የእንቅስቃሴን አቅጣጫ በራሱ በግሱ ውስጥ አኑሮታል፤ ወጣ፣ ገባ፣ ወረደ፣ ተመለሰ፣ ተሻገረ ስንል አቅጣጫው ከግሱ ጋር አብሮ ይነገራል፤ አካሄዱን መግለጽ ባስፈለገን ጊዜም ሮጦ ወጣ፣ ተንፏቆ ገባ፣ ዘሎ ወረደ እያልን ሌላ ግስ እናስቀድምበታለን። እንግሊዝኛ ግን አካሄዱን ለግሱ፣ አቅጣጫውን ለተከታዩ ትንሽ ቃል አካፍሎ ሰጥቷል፤ እኛ ሮጦ ወጣ ያልነውን እርሱ «ራን አውት»፣ ዘሎ ወረደ ያልነውን «ጀምፕድ ዳውን» ይለዋል። ከዚህም የተነሣ አማርኛ ተናጋሪው እንግሊዝኛ ሲናገር፣ ግሱን ካገኘ ሁሉን ያገኘ እየመሰለው ተከታዩን ቃል ይጥለዋል። ይህም ከስንፍና ወይም ከማስተዋል ጉድለት የመጣ ሳይሆን፣ በእናት ቋንቋው ውስጥ የሸክሙ ሥፍራ ሌላ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው ልዩነት የፍጻሜ አነጋገር ነው። እንግሊዛዊው «ኢት» ለሚለው ግስ «አፕ» ጨምሮ «ኢት አፕ» ቢል፣ ምግቡ ወደ ላይ ወጣ ማለቱ ሳይሆን አንዳች ሳይተርፍ ተበላ ማለቱ ነው፤ «ድሪንክ አፕ»፣ «ዩዝ አፕ» የሚሉትም እንደዚሁ ናቸው። እኛ ይህንኑ በልቶ ጨረሰ፣ ጠጥቶ ጨረሰ በማለት በሁለት ግሶች እንገልጸዋለን፤ «ካት አፕ» የሚለውን ደግሞ ግሱን ራሱን አባዝተን ቆራረጠ እንለዋለን። እንግዲህ «አፕ» በብዙ ሥፍራ ፍጹምነትን፣ «ኦፍ» መለየትንና መቋረጥን፣ «ኦን» መቀጠልን፣ «አውት» ደግሞ አልቆ መጥፋትን እንደሚያመለክት ማወቅ ለተማሪው ብርሃን ይሰጠዋል፤ «ጎ ኦን» ቀጥል፣ «ካት ኦፍ» ቈርጦ ለየ፣ «ፑት አውት» እሳት አጠፋ፣ «ረን አውት» አለቀ ማለት ነውና። ሆኖም ይህን እንደማይጣስ ሕግ አድርጎ የሚይዝ ሰው በቶሎ ይሳሳታል፤ ቤት ተቃጥሎ ዐመድ ሲሆን «በርን ዳውን» ይባላል፣ ወረቀት ተቃጥሎ ሲያልቅ ደግሞ «በርን አፕ» ይባላል፤ ላይና ታች የሆኑት ሁለቱ ቃላት በአንድ ጥፋት ላይ ተገናኝተዋል። ቅጽ መሙላትንም እንግሊዞች «ፊል ኢን»፣ አሜሪካውያን በአብዛኛው «ፊል አውት» ይሉታል፤ በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወረቀት ተሰጥቷቸው «ፊል ኢት አውት» ሲባሉ፣ ሙሉት መባላቸው እንጂ ወደ ውጭ አውጡት መባላቸው አይደለም።

የዚህን ነገር ታሪክ በአጭሩ ማወቅ ትዕግሥትን ያስተምራል። እንግሊዝኛ በጥንት ዘመኑ እንደ ዘመዱ እንደ ጀርመንኛ የግሱን ፍቺ የሚለውጥበት ባዕድ መነሻ ነበረው፤ ከዚያ ዘመን የተረፉትን «ፎርጊቭ»፣ «ዊዝስታንድ»፣ «ኦቨርካም»፣ «አንደርስታንድ» የሚሉትን ዛሬም እናገኛቸዋለን። በስምንተኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ገደማ ከስካንዲናቪያ መምጣት የጀመሩት ባሕረኞች በምሥራቅና በሰሜን እንግሊዝ አገር ሰፍረው ቋንቋቸውን ከአገሬው ቋንቋ ጋር አዋሕደዋል፤ ዛሬ በየዓረፍተ ነገሩ የምንሰማቸው «ቴክ» እና «ኮል» የሚባሉት ግሶች ከእነርሱ የተወረሱ ናቸው። በ1066 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (የውጭውን ታሪክ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እንጠቅሳለን) የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም አገሩን በያዘ ጊዜ ደግሞ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥትና የፍርድ ሸንጎ ቋንቋ ሆነ፤ ላቲኑም የቤተ ክህነትና የሊቃውንት ቋንቋ እንደ ሆነ ቀጠለ። በእነዚያ መቶ ዓመታት ውስጥ የጥንቱ ባዕድ መነሻ እየደከመ ሄደ፤ ከግሱ በኋላ የሚመጡት ጥቃቅን ቃላት ግን ሥፍራውን እየወረሱ በዙ። ሕዝቡም በቤቱና በገበያው በአጫጭር የአባቶቹ ግሶች ሲነጋገር ኖረ።

ከዚህ የተነሣ እስከ ዛሬ ድረስ በእንግሊዝኛ ለአንድ ነገር ሁለት ቃል መገኘቱ የተለመደ ነው። አንዱ ከላቲንና ከፈረንሳይኛ የመጣ የክብርና የጽሕፈት ቃል ነው፤ ሌላው ግስና ትንሽ ቃል ተጣምረው የሚያስገኙት የቤትና የመንገድ ቃል ነው። ስብሰባን ለሌላ ቀን ማስተላለፍ በጽሕፈት «ፖስትፖን»፣ በቃል «ፑት ኦፍ» ነው፤ መታገሥ «ቶለሬት» ወይም «ፑት አፕ ዊዝ»፣ መመርመር «ኢንቨስቲጌት» ወይም «ሉክ ኢንቱ»፣ እሳት ማጥፋት «ኤክስቲንጉዊሽ» ወይም «ፑት አውት» ነው። የእኛ ተማሪዎች እንግሊዝኛን ያገኙት በአብዛኛው ከመጽሐፍ ስለሆነ፣ አስቀድመው የሚያውቁት የመጀመሪያውን ወገን ነው፤ በኢትዮጵያም በእኛ አቆጣጠር ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ እንግሊዝኛ የከፍተኛ ትምህርት መስጫ ቋንቋ እየሆነ ሲሄድ፣ ወጣቱ ረጅሙንና ከባዱን ቃል ከሳይንስና ከታሪክ መጽሐፉ እየለቀመ፣ አጭሩንና የእለቱን ቃል የሚሰማበት አጋጣሚ ሳያገኝ አድጓል። ስለዚህ «ኤክስቲንጉዊሽ» የሚለውን በጥሩ አነባበብ የሚያነብ ወጣት፣ «ፑት ኢት አውት!» ተብሎ ሲጮኽበት የሚያጠፋውን እሳት ትቶ የሚያወጣውን ዕቃ ቢፈልግ አይፈረድበትም።

ጥቃቅኖቹ ቃላት የዝቅተኛ አነጋገር ምልክት ናቸው ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር ግን ተሳስቷል። በ1611 ዓ.ም. በንጉሥ ጀምስ ዘመን የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ዓይንን ማንሣትን «ሊፍት አፕ»፣ አጋንንት ማውጣትን «ካስት አውት»፣ ልብስ መልበስን «ፑት ኦን» እያለ በእነዚሁ ቃላት የተሞላ ነው፤ ከዚያ የበለጠ የተከበረ እንግሊዝኛ የሚጠራ ብዙ አይገኝም። ታላቁ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሳሙኤል ጆንሰንም በ1755 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ መቅድም ላይ፣ ግስ ከተከታይ ትንሽ ቃል ጋር የሚጣመርበት ይህ ሥርዓት በእንግሊዝኛ እጅግ የበዛ መሆኑንና ለውጭ አገር ሰዎች ከሁሉ የከበደው ይኸው መሆኑን ገልጾ፣ እነዚህን ጥምረቶች በልዩ ትጋት እንደ ሰበሰበ ተናግሯል። ስሙ ግን የወጣለት ዘግይቶ ነው፤ አሜሪካ ተወልዶ እንግሊዝ አገር የኖረው ሎጋን ፒርሶል ስሚዝ በ1925 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ «ፍሬዛል ቨርብ» ብሎ ጠራቸው፤ ስያሜውንም የሰጠው ታላቁን የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ካዘጋጁት አንዱ የሆነው ሄንሪ ብራድሊ መሆኑን ገልጾ አመሰገነው።

አሁን ወደ ሰዋስዉ ሥራ እንግባ፤ እዚህ ላይ አድማጮቼ ወረቀትና እርሳስ ቢይዙ መልካም ነው። ግስን የሚከተሉት ጥቃቅን ቃላት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዶቹ እውነተኛ መስተዋድዶች ናቸው፤ ከግሱ ይልቅ በኋላቸው የሚመጣውን ስም ይይዛሉ፤ ስሙም በግሱና በእነርሱ መካከል አይገባም። «ሉክ አፍተር ሂም» ይባላል እንጂ «ሉክ ሂም አፍተር» አይባልም። ሌሎቹ ግን የተውሳከ ግስ ጠባይ ያላቸው ስለሆኑ ከግሱ ጋር ይተባበራሉ፤ ተሳቢው ስምም በፊታቸው ወይም በኋላቸው ሊቆም ይችላል። ይህን አሁን የምትሰሙበትን ሬዲዮ አጥፉ ለማለት «ተርን ኦፍ ዘ ሬዲዮ» ወይም «ተርን ዘ ሬዲዮ ኦፍ» ብትሉ ሁለቱም ትክክል ናቸው። በስሙ ፈንታ ተውላጠ ስም በገባ ጊዜ ግን ነፃነቱ ያበቃል፤ «ተርን ኢት ኦፍ» ማለት ግዴታ ነው፤ «ተርን ኦፍ ኢት» የሚል እንግሊዛዊ አይገኝም። ስለዚህ አንድ ጥምረት ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ የተጠራጠረ ተማሪ «ኢት» የምትለውን ቃል አስገብቶ ይሞክር፤ «ኢት» በመካከል የምትገባ ከሆነች ተከታዩ ቃል የግሱ ነው፤ በኋላ የምትቀር ከሆነች መስተዋድድ ነው።

ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ልናገርና በጥሞና አድምጡ። «ሂ ራን አፕ ኤ ሂል።» «ሂ ራን አፕ ኤ ቢል።» ከአንድ ፊደል በቀር ልዩነት የላቸውም፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ሰው ኮረብታ እየሮጠ ወጣ፣ የሁለተኛው ሰው ዕዳ አከማቸ። ኮረብታውን «ኢት» ብንለው «ሂ ራን አፕ ኢት»፣ ዕዳውን «ኢት» ብንለው «ሂ ራን ኢት አፕ» ይሆናል። ጆሮም ይህን ልዩነት ያገኘዋል፤ ተከታዩ ቃል የግሱ ተባባሪ በሆነ ጊዜ ድምፁ ጠንክሮ፣ ረግጦ ይነገራል፤ መስተዋድድ በሆነ ጊዜ ግን ድምፁ ለስልሶ ወደሚቀጥለው ቃል ይፈሳል። «ሉክ ኢት አፕ» ስል «አፕ» ላይ የምጫነውን፣ «ሉክ አት ኢት» ስል ግን «አት» ላይ የማልቆየውን ልብ በሉ፤ በጽሕፈት የማይታየውን ይህን ልዩነት ሬዲዮ ሊያሰማችሁ ስለሚችል፣ የውጭ አገር ጣቢያዎችን በምትከታተሉበት ጊዜ ዜናውን ከመያዝ ጋር የድምፁን ውጣ ውረድም ብትከተሉ ትልቅ ጥቅም ታገኙበታላችሁ።

ስለ ሬዲዮ ካነሣን ዘንድ፣ ከአማርኛ በቀጥታ እየተወሰዱ የሚነገሩትን ስሕተቶች ማየት ይገባናል። እኛ ሬዲዮውን ክፈተው፣ ዝጋው ስለምንል፣ ብዙ ሰው «ኦፕን ዘ ሬዲዮ»፣ «ክሎዝ ዘ ሬዲዮ» ሲል ይሰማል፤ እንግሊዛዊው ይህን ሲሰማ የሬዲዮኑ ሣጥን ተፈትቶ ውስጡ የሚታይ ይመስለዋል። ትክክሉ «ተርን ኦን» እና «ተርን ኦፍ» ነው፤ ድምፁን ለማጉላት «ተርን አፕ»፣ ለመቀነስ «ተርን ዳውን» ይባላል፤ ይኸው «ተርን ዳውን» ደግሞ የአንድን ሰው ጥያቄ አለመቀበልን ያመለክታል። ስማኝ ስለምንል «ሊስን ሚ»፣ ጠብቀኝ ስለምንል «ዌይት ሚ» እንላለን፤ «ሊስን ቱ ሚ»፣ «ዌይት ፎር ሚ» ማለት ይገባል። በተቃራኒው እኛ ስለ ጉዳዩ ተወያየን፣ ከእርስዋ ጋር ተጋባ የምንለውን እንግሊዝኛ ያለ መስተዋድድ «ዲስከስ»፣ «ማሪ» ብሎ ስለሚጨርሰው፣ «ዲስከስ አባውት»፣ «ማሪ ዊዝ» ማለት ትርፍ ነው። ከአውቶቡስ፣ ከባቡርና ከአውሮፕላን መውረድ «ጌት ኦፍ»፣ ከትንሽ መኪና ወይም ከታክሲ መውረድ ግን «ጌት አውት ኦቭ» ነው፤ መሳፈሩም እንደዚሁ «ጌት ኦን» እና «ጌት ኢን» ተብሎ ይለያል።

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ግን በሕመምና በሐዘን ጊዜ ነው። በውጭ አገር ሐኪም ቤት የሚገባ ሰው «ዲድ ዩ ትሮው አፕ?» ተብሎ ቢጠየቅ አስመልሶህ ነበርን መባሉ ነው፤ «ዲድ ዩ ፓስ አውት?» ቢባል ደግሞ ራስህን ስተህ ነበርን ማለት ነው። ሐኪሞች በጽሑፋቸው ረጅሙን የላቲን ቃል ቢጠቀሙም፣ በሽተኛውን የሚጠይቁት በእነዚህ አጫጭር ቃላት ነው፤ ያልተረዳ በሽተኛም አዎን ወይም አይደለም ብሎ በግምት ቢመልስ ጉዳቱ በራሱ ላይ ይወድቃል። «ፓስ አውት» ራስን መሳት ሲሆን «ፓስ አዌይ» ግን እኛ በአክብሮት ዐረፈ እንደምንለው የሞት መንገሪያ ነው። የወደቀ ዘመዱን ዜና ለቤተ ሰቡ የሚያደርስ ሰው አንዱን ቃል በሌላው ቢለውጥ፣ ሕያው ሳለ ልቅሶ ያስቀምጣል፤ ወይም ሙት ሳለ ይድናል የሚል ተስፋ ያሳድራል። በልዩ ልዩ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን እያስተረጐሙ በየሐኪም ቤቱ የሚቆሙት ወጣቶች፣ ከማናቸውም በፊት እነዚህን ጥምረቶች ጠንቅቀው እንዲያጠኑ ከልብ እለምናቸዋለሁ።

መስተዋድዱ ከእምነት ቃል ጋር ያለውንም ግንኙነት ሳላነሣ አላልፍም። እንግሊዛዊው «አይ ቢሊቭ ሂም» ቢል የነገረኝን እውነት ነው ብዬ ተቀበልሁ፣ አመንሁት ማለቱ ነው፤ «አይ ቢሊቭ ኢን ሂም» ቢል ግን በእርሱ አመንሁ፣ ተስፋዬን በእርሱ ላይ አኖርሁ ማለቱ ነው። ይህ ልዩነት በአማርኛችንም በ«አመነው» እና «በእርሱ አመነ» መካከል አለ፤ በግእዙም ጸሎተ ሃይማኖት «አምነ» የሚለው ግስ «በ»ን ያስከትላል። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች በጽርእ የደነገጉት የሃይማኖት ቃል ራሱ ከግሱ በኋላ መስተዋድድ ያለው ነው፤ ስለዚህ ጽርእም፣ ግእዝም፣ እንግሊዝኛም በዚህ ሥፍራ አንድ መንገድ ይዘዋል።

ሌላው ችግር የሚነሣው በጥያቄና በአንጻራዊ ዓረፍተ ነገር ነው። ተማሪው «የምኖርበት ቤት» ለማለት «ዘ ሃውስ አይ ሊቭ» ብሎ ያቆማል፤ ትክክሉ «ዘ ሃውስ አይ ሊቭ ኢን» ነው። እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ መምህራችን ሊሆን ይችላል፤ የምኖርበት ባልን ጊዜ በግሱ ጫፍ ያለችው «በት» ሥራ ፈት አይደለችምና፣ እርስዋን የሚተካ ቃል በእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር ጫፍ መፈለግ አለበት። የምጽፍበት ብዕር «ዘ ፔን አይ ራይት ዊዝ»፣ የምቀመጥበት ወንበር «ዘ ቼር አይ ሲት ኦን»፣ የምሠራለት ሰው «ዘ ማን አይ ወርክ ፎር» ይሆናል። በአማርኛው «በት» ወይም «ለት» በሰማችሁበት ሥፍራ ሁሉ፣ በእንግሊዝኛው የጎደለ ነገር እንዳይኖር ቆም ብላችሁ መርምሩ። መስተዋድድን በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ማኖር ነውር ነው የሚል ትምህርት የሰማችሁ ትኖራላችሁ፤ ይህ ትምህርት የራሱ ታሪክ አለው። ባለቅኔው ጆን ድራይደን ስለ ድራማ በ1668 ዓ.ም. ያወጣውን ድርሰት በ1684 ዓ.ም. እንደገና ሲያሳትም እንዲህ ያሉትን አገባቦች እየለቀመ አስተካክሏል፤ ጳጳስ የሆነው ሮበርት ሎውዝም በ1762 ዓ.ም. ባወጣው ሰዋስው፣ መስተዋድዱን ወደ ፊት ማምጣት ለክብር ጽሕፈት የተሻለ መሆኑን ተናግሯል። ይሁን እንጂ እንግሊዞች በመጨረሻ ማኖሩን ከአፋቸውም ከብዕራቸውም አላራቁትም፤ እኛም የእነርሱን ሊቃውንት ያከራከረ ጉዳይ እንደ ኃጢአት ቆጥረን ልንፈራው አይገባም።

ስለ አጠናኑ የምመክረው አጭር ነው። ግሱን ለብቻው፣ ተከታዩንም ለብቻው ጽፎ መሸምደድ አይጠቅምም፤ ሁለቱን እንደ አንድ ቃል አድርጎ፣ ተሳቢያቸውንም ጨምሮ፣ በሙሉ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ይገባል። «ፑት ኦፍ» ብላችሁ ከምትጽፉ «ዘ ሚቲንግ ዋዝ ፑት ኦፍ» ብላችሁ ብትጽፉ፣ ስብሰባው ተላለፈ የሚለው ነገር ከነቃናው ይያዝላችኋል። ደግሞም አንድ ግስ ከሃያ ተከታዮች ጋር በአንድ ቀን ማጥናት ሁሉን ያደባልቃል፤ ይልቁንም ስለ ጉዞ፣ ስለ ሐኪም ቤት፣ ስለ መሥሪያ ቤት፣ ስለ ወጥ ቤት የሚነገሩትን በየጉዳያቸው ሰብስቦ ማጥናት ይሻላል።

በመጨረሻ፣ ሦስት ቃላት አንድ ሆነው ከሚሄዱባቸው ጥምረቶች ውስጥ ደብዳቤ ለሚጽፉ ሁሉ የምታስፈልገውን አንዷን ልናገር። «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» በጉጉት መጠባበቅ ነው፤ ሥራ የሚጠይቁም፣ ለዩኒቨርሲቲ የሚያመለክቱም መልሳችሁን በጉጉት እጠብቃለሁ ለማለት በደብዳቤያቸው ግርጌ ያኖሯታል። ብዙዎች ግን «ቱ» የምትለዋን ሲያዩ በንኡስ አንቀጽ ፊት የምትቆመው «ቱ» ትመስላቸውና «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂር» ብለው ይጽፋሉ። እዚህ ያለችው «ቱ» መስተዋድድ ስለሆነች፣ ከእርስዋ በኋላ የሚመጣው ስም ወይም ወደ ስምነት የተለወጠ ግስ ብቻ ነው፤ ስለዚህ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂሪንግ ፍሮም ዩ» ተብሎ ይጻፋል። የምትጠራጠሩ ብትሆኑ ቀድሞ በተናገርነው መንገድ «ኢት»ን አስገብታችሁ ሞክሩ፤ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ኢት» ማለት ይቻላል፤ «ኢት» ከገባች ደግሞ በእርስዋ ፈንታ የሚገባው ግስ ሁሉ «ኢንግ» የሚለውን ባዕድ መድረሻ መያዝ አለበት።